«እሺ» ማለት እሺ ማለት ነው?

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ «እሺ» እንደሚባል የቆጠረ ካለ ይንገረን። እኛ ሞክረን ደክሞናል። ባለሱቁ «ዝርዝር የለኝም፣ ማስቲካ ውሰዱ» ሲለን «እሺ» እንላለን። ተሸንፈናል ማለት ነው። የታችኛው ፎቅ እማማ «ነገ ብቅ በሉና ቡና ጠጡ» ሲሉንም «እሺ» ነው። እንደማንመጣ እኛም እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ማንም አይቀየምም። አከራያችን ደውለው ኪራይ መጨመሩን ሲነግሩን ያልነው «እሺ» ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚወጣው እንለፈው።

ይህንን ነገር ሥራዬ ብለው ያጠኑ ሰዎች አሉ። በተለያዩ ባህሎች መካከል ስለሚደረግ ተግባቦት የሚያጠናው የትምህርት ዘርፍ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ኤድዋርድ ሆል የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ነው። ሰውዬው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ወደ ውጭ አገር የሚላኩ የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞችን ያሠለጥን ነበር። ቋንቋ ብቻ መማር እንደማያዘልቅ ገባው። የቀጠሮ ሰዓት፣ ተጠግቶ ወይም ርቆ መቆም፣ ዝምታ፣ ሁሉም ይናገራሉና። በ1976 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መጽሐፉ ደግሞ ባህሎችን ነገሩ በቃሉ ውስጥ ያለባቸውና ነገሩ ከቃሉ ውጭ፣ በሁኔታው ውስጥ ያለባቸው ብሎ ለያቸው። የእማማ ቡና ሁለተኛው ውስጥ ይገባል።

ቀጥሎ ሆላንዳዊው ኸርት ሆፍስቴድ መጣ። እሱ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሠራተኞች መጠይቅ ላይ ተመሥርቶ የአገሮችን ባህል በቁጥር ለካና በ1980 (እ.ኤ.አ.) አሳተመው። እኛስ ስንት አመጣን? ለብቻችን ምንም! ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ «ምሥራቅ አፍሪካ» ተብለው አንድ ላይ ተለኩ። መርካቶና ሉሳካ በአንድ ውጤት ማለት ነው። (ኮምፒውተር የሚሸጥ ኩባንያ ሠራተኛ የአገሬውን ሰው ምን ያህል እንደሚወክል ለአንባቢ እንተወዋለን።)

ለእኛ የሚቀርበው ዶናልድ ሌቪን ነው። መንዝ ድረስ ሄዶ ከሰው ጋር ኖሮ፣ በ1965 (እ.ኤ.አ.) «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። ከቅኔው ተነሥቶ፣ በአማራው ዘንድ ሁለት ትርጉም ያለው ንግግር ምን ሥራ እንደሚሠራ ጠየቀ። ለቀልድ ይሆናል፣ በጨዋ ደንብ ለመስደብ ይሆናል፣ ገመናን ከጠያቂ ለመከለል ይሆናል፣ ባለሥልጣንን ለመንቀፍም ይሆናል። ከሦስቱ እሱን የምናስበልጠው ስለዚህ ነው። ሰው ለምን አድበስብሶ እንደሚናገር ሲጠይቅ፣ የሚፈራው ሰው እንዳለም አይቷል።

እንግዲህ የእኛ ጥያቄ እዚህ ላይ ይጀምራል። ሁለት ሰዎች ሳይግባቡ ሲቀሩ የመግባባቱ ሸክም በማን ጫንቃ ላይ ነው የሚወድቀው? ሃዋርድ ጃይልስ የሚባል ምሁር ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰው አነጋገሩን ወደ አድማጩ እንደሚያስጠጋ ወይም እንደሚያርቅ ጽፏል። ብዙ ጊዜ የሚጠጋው ደግሞ የሚፈልገው ነገር ያለው ነው። ልደታ ላይ ይህን ለማየት ቤተ መጻሕፍት መሄድ አያስፈልግም። የቤት ሠራተኛዋ አማርኛ ትማራለች እንጂ እመቤቲቱ የሷን ቋንቋ ስትማር አላየንም።

ባለፈው ክረምት ከብሎካችን ውሃ ወደ ሮቶ የሚገፋው ፓምፕ ጠፋ። ከወላይታ ገጠር ከመጣ አራት ወር ያልሞላው የጥበቃ ልጅ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ።

«ሲወስዱት እያየህ ዝም አልክ?»

«እሺ ጋሼ።»

«ታውቃቸዋለህ ማለት ነው?»

«እሺ።»

ጸሐፊው «ጥፋቱን አምኗል» ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረ። እኛ ሦስታችን ደረጃው ላይ ቆመን «ጥያቄው አልገባውም» ብንልም «ተከራይ ድምፅ የለውም» ተባልን። ልጁ የወሩ ደመወዙ ለፓምፑ ማካካሻ ተይዞ ተባረረ።

በማግስቱ በሩ አጠገብ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅ በወላይትኛ አነጋገረችውና ለእኛ በአማርኛ ነገረችን። ትልቅ ሰው ሲቆጣ ዓይን ዓይኑን ማየት ነውር ነው ተብሎ ነው ያደገው። «እሺ» ያለው ቁጣው እንዲበርድ ነው። ፓምፑን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ሁለት ሰዎች በፒካፕ መጥተው «ኮሚቴው ለጥገና ልኮን ነው» ብለው ፈትተው ወስደውታል። የመኪናውን ቀለም ሳይቀር ያስታውሳል። እሷ የምትሸጥበት ቦታ ስብሰባው ከተካሄደበት ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ይህንን ለኮሚቴው ነገርን። «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገረም?» አሉን።

ከብሎካችን ወጥቶ በእግር ጥቂት የተጓዘ ሰው ልደታ ፍርድ ቤትን ያገኛል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 7፣ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በስርቆት ተከሶ እዚያ ቢቀርብ ኖሮ ይህ መብት ነበረው። ኮሚቴው ግን ችሎት አይደለም፤ ልጁም ከደመወዙና ከማደሪያው በቀር ምንም አልተፈረደበትም። ደግሞ አስተርጓሚ ቢቆምለትስ? «እሺ»ን ወደ ወላይትኛ መመለስ ቀላል ነው። መሬት ላይ የተተከለውን ዓይን ማን ይተረጉመዋል? ሆል አሠልጣኝ ሆኖ የደከመው ለዚህ ነበር፤ ሠልጣኞቹ ግን ኃያሉ መንግሥት የሚልካቸው እንጂ ሥራ ፍለጋ በአውቶቡስ የሚመጡ አልነበሩም።

ልጁ የት እንደሄደ ቡና ሻጯም አታውቅም። አዲስ ፓምፕ ተገዝቷል፤ መዋጮውን እኛም ከፍለናል። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «ጥበቃ እንፈልጋለን። ተያዥ ያለው፣ አማርኛ አጥርቶ የሚናገር።»