የመርከበኛ ስንቅ ከጫጫ

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን መንገድ ስትወጡ ለገጣፎን፣ ሰንዳፋንና አለልቱን ታልፋላችሁ። ሸኖ ላይ ቅቤ ለመግዛት የማይቆም መኪና ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ሜዳው ይከፈታል፤ የተጓዡም ሐሳብ ደብረ ብርሃን ደርሶ ትኩስ ነገር መጠጣት ላይ ይሆንና፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው የሚያገኛትን ከተማ በመስኮት አይቶ ያልፋታል። ጫጫ ናት። እኔም ትዳር እስክይዝ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳለፍኳት አላውቅም፤ አንድም ቀን ግን ወርጄባት አላውቅም ነበር።

አሁን በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንወርድባታለን። ምክንያታችን ለሰው ስንነግረው ያስቃል። ባለቤቴ መርከበኛ ነው። ባሕር በሌለው አገር፣ ከ2700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በገብስ ማሳ መካከል ያደገ የመርከብ መሐንዲስ! ወደ መርከቡ ከመመለሱ በፊት የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት የምናሳልፈው እዚህ፣ እናቱ ቤት ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ እንዳይመስላችሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማሪታይም ተቋም በመካኒካልና በኤሌክትሪካል ምሕንድስና የተመረቁ ወጣቶችን ተቀብሎ ለመርከብ ሥራ ያሠለጥናል፤ ብዙዎቹም በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ይሠራሉ። የራሳችን የንግድ መርከብ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመ ነው። ወደቦቻችንን ካጣን በኋላ እንኳ መርከቦቹ መቅዘፋቸውን አላቆሙም፤ ከቻይና ከተገዙት ዘጠኝ መርከቦች መካከል ሁለቱ ነዳጅ ጫኞች «ሐዋሳ» እና «ባሕር ዳር» ተብለው ነበር። ስም ያወጣላቸው ሰው ቢያንስ ሐይቅ ያላቸውን ከተሞች መምረጡን ወድጄለታለሁ።

ዘንድሮ የሄድነው በኅዳር ነው። ጫጫን ማየት ከፈለጋችሁ እኔም የምመክራችሁ ይህንኑ ወቅት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ገብሱ የታጨደ፣ በየአውድማው ክምር የቆመበት ጊዜ ነው። ብርዱን ግን አትናቁት። ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ የተነጠፈውን ነጭ ነገር የሦስት ዓመቷ ልጃችን ስኳር ነው ብላ ልትቀምሰው ነበር። ለልጆች ወፍራም ሹራብና ካልሲ ያዙ፤ የከተማ ጃኬት ብቻውን አይበቃም። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ፊት ያቃጥላል።

አማቴ ቤት ስንደርስ ምጣዱ ተጥዶ ነበር። ገብሱ ይቆላል፣ ይሸከሸካል፣ ከፊሉ ቆሎ ሆኖ ይቀራል፣ ከፊሉ ለበሶ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። በሶው ላይ በርበሬና የተነጠረ ቅቤ ገብቶ ጨብጨብ ሲደረግ ጭኮ ይሆናል፤ በደንብ የተሠራ ጭኮ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ድሮ ዘማቹና ነጋዴው ይዘውት የሚሄዱት ስንቅ ይኸው ነው፤ ዛሬ ሞተር ክፍል ውስጥ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት፣ ሌሊት ተረኛ የሆነ የጫጫ ልጅ ይበላዋል። ባለቤቴ የሌላ አገር ባልደረቦቹ መጀመሪያ ሸተው እንደሚመልሱለት፣ በሁለተኛው ወር ግን ራሳቸው እንደሚጠይቁት ይናገራል። አንድ ጊዜ አንድ አየር ማረፊያ ላይ ፈታሾች የበሶውን ከረጢት ከፍተው ለብቻው ወስደውታል። ቡናማ ዱቄት፣ ሦስት ኪሎ! በውኃ በጥብጦ ፊታቸው ጠጥቶ ነው ያለፈው።

የቀረው ዝግጅት እንደዚህ ጣዕም የለውም። የመርከበኛ መታወቂያ ደብተር፣ የሥልጠና የምስክር ወረቀቶች፣ ከሁለት ዓመት በላይ የማያገለግል የጤና ምርመራ፣ የቢጫ ወባ ካርድ። ወረቀቶቹን አማቴ አልጋ ላይ ዘርግተን አንድ በአንድ እንቆጥራለን። እኔ በመሥሪያ ቤቴ የማስታወቂያ ዕቅድ እንደማወጣው ዝርዝር ጽፌ ምልክት አደርጋለሁ፤ እሱ «ይህን ለደንበኞችሽ አቆዪው» እያለ ይስቅብኛል። አማቴ ግን ወረቀቶቹን አይወዷቸውም። እሳቸው ባሕር አይተው አያውቁም። ጫጫ ላይ ኃይለኛ ነፋስ ነፍሶ ባሕር ዛፉን ባጎነበሰ ቁጥር ስልክ የሚደውሉት ለእኔ ነው፤ «ልጄ፣ እዚያስ ነፋሱ እንዴት ነው?»

በሁለተኛው ቀን ወደ አንጎለላ ወጣን። ታሪክ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ይህን አትዝለሉት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር ሌላ መቀመጫቸው ያደረጉት ስፍራ ነው፤ የልጅ ልጃቸው ዳግማዊ ምኒልክም ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ነው። ለትልቅ ሕንፃ አትዘጋጁ፤ የምታገኙት ነፋስ፣ ሜዳና ሩቅ የሚያሳይ ከፍታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ጠረፍ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ፣ ከንጉሡ ጋር ውል ለመዋዋል ወደ ሸዋ መጥቶ ነበር። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ስለዚህ ባሕሩ ወደዚህ ከመጣ ቆይቷል» አለ። እሱ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ያለፈባቸውን ጊዜያት ይቆጥራል፤ እኔ ደግሞ በዚያ በኩል ሲያልፍ ያልተኛሁባቸውን ሌሊቶች።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጫጫ ወንዝ ወረድን። በኅዳር ውኃው ትንሽ ነው፤ ልጆች ዳር ዳሩን ሊጫወቱበት ይችላሉ፣ በክረምት ግን እንዳትሞክሩት። ይህ ወንዝ ወደ ጀማ ይገባል፣ ጀማ ወደ ዓባይ። ባለቤቴ ለልጃችን የገብስ ጭድ ሰጥቷት ውኃው ላይ ጣለችው። ይህ ውኃ ሄዶ ሄዶ አባ መርከቡን ይዞ የሚያልፍበት ባሕር ውስጥ እንደሚገባ ነገራት። «መቼ ይደርሳል?» አለች። እሱ መልስ አጣ።

አሁን የምነግራችሁ የመንገድ ወግ አይደለም። ባለፈው ጊዜ ከስምንት ወር በኋላ ሲመጣ ቦሌ ላይ ልጃችን አላወቀችውም። ከኋላዬ ተደብቃ «ይሄ ሰውዬ ቤታችን ያድራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ስንስቅ ዋልን፤ ማታ ግን ለየብቻችን አለቀስን። ከዚያ ወዲህ የመሬት ላይ ሥራ ሲፈልግ ቆይቶ አንድ ቦታ አግኝቷል። ደመወዙ ከመርከቡ ጋር አይወዳደርም። የቤታችን ዕዳ ደግሞ ገና አላለቀም። እኔ ቁጥር የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሒሳቡን ስሠራው ሁልጊዜ ሂድ ይላል። ስለዚህ ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ እሱ ጥሎን እንደሚሄድ ይቆጥራል፤ አማቴም ጭምር።

በመጨረሻው ማታ ጭኮውን ወደ ጣሳ እየጠቀጠቁ ቀና ሳይሉ «ይህ የመጨረሻው ነው?» አሉት። እሱ ወደ እኔ አየ። እኔ ምድጃው ላይ ያለውን ወተት ገለጥ አድርጌ አየሁ፤ አልገነፈለም ነበር።

«ሒሳቡን እኔ ነኝ የሠራሁት፣ እማማ» አልኳቸው። «እንዲሄድ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ዝም አሉ። ቆየት ብለው «እሱስ ምን ይላል?» አሉኝ። እሱን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ዕዳውን፣ ወለዱን፣ የትምህርት ቤቱን ክፍያ ጠይቄዋለሁ፤ ይህን ግን አልጠየቅኩትም። ያን ሌሊት እሳቱ እስኪጠፋ አወራን። በዚህኛው ጉዞ የፈረመው ውል ስላለ ይሄዳል፤ የመሬቱ ሥራ ቦታ እስኪመለስ ይጠብቀው እንደሆነ ግን ጠዋቱኑ ደውሎ ይጠይቃል።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከላም በረት መናኸሪያ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ መኪና ያደርሳችኋል፤ ቀድማችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፣ በጊዜ ተነሡ፣ በጊዜም ተመለሱ። ወተት ከጠጣችሁ ተፈልቶ ይሁን። ማደር ካሰባችሁ ደብረ ብርሃን የሆቴል ምርጫው ይሻላል።

እኛ ጠዋት ሻንጣውን ወፍጮ ቤት ወስደን በእህል ሚዛን መዘንነው። ሁለት ኪሎ በለጠ። ባለቤቴ ጫማውን አወጣ፣ ቀጥሎ አንዱን ጃኬት። ጭኮውን ማንም አልነካውም። ልጃችን ሚዛኑ ላይ ወጥታ እኔንም መዝኑኝ አለች፤ ወፍጮ ቤቱ ያለው ሰውዬ መዝኖ 14 ኪሎ አላት። ባለቤቴ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ወጣ፤ ጫጫ ላይ ኔትወርክ የሚሻለው ከመንገዱ ዳር ነው።