ጉልበት የማይሻ ሥራ

የኮምፒውተርን አንጎል መቀየር ጉልበት አይሻም፤ እንዲያውም ጉልበት ጠላቱ ነው። ኤኤም4 በተባለው መሰኪያ የሚገባው ፕሮሰሰር 1331 ቀጫጭን እግሮች አሉት። የመሰኪያውን ዘንግ አንስቶ፣ ወርቃማዋን ሦስት ማዕዘን ከምልክቱ አገጣጥሞ ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ በራሱ ክብደት ይገባል። እምቢ ሲል መጫን እግሩን ማጣመም ነው።

ጭንቁ ያለው ከዚያ በፊት ነው። የሦስት ጽሑፎች ክፍያ ያፈሰስሁበት ፕሮሰሰር በ2020 እ.ኤ.አ. ከወጡት ከራይዘን 5000ዎቹ አንዱ ነው፤ ማዘርቦርዴ ግን ቀደም ብሎ የተሠራ ስለሆነ አዲሱን እንግዳ አያውቀውም ነበር። እንዲያውቀው፣ አሮጌው ፕሮሰሰር ገና በቦታው ሳለ፣ ባዮስ የሚባለውን የቦርዱን መነሻ ፕሮግራም ማደስ ግድ ይላል። ሥራው የደቂቃዎች ነው፤ በመሀል መብራት ከሄደ ግን ቦርዱ ዳግም ላይነሳ ይችላል። አንባቢ ሆይ፣ መብራት ሳይሰናበት በሚሄድበት ሰፈር እየኖሩ፣ እንጀራዎም በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሲሆን፣ ደቂቃዋ ምንኛ ትረዝማለች!

ከጎረቤቴ ዩፒኤስ ተውሼ ጀመርሁ። ግማሽ ላይ አምፖሉ ድርግም አለ። ዩፒኤሱ እየጮኸ፣ እኔም ትንፋሼን ውጬ፣ እድሳቱ አለቀ።

ፕሮሰሰሩን በማግስቱ አስገባሁት፤ ቦርዱም በስሙ ጠርቶ ተቀበለው። ሠርጉማ የአንድ ቀን ነው፤ ድካሙ ያለው ድግሱ ላይ ነው።