ድፍረትና ማስተዋል በአንድ ጋቢና

ባለፈው ክረምት የወንድሜ ልጅ በኮምፒዩተር የሚጫወተውን የቪዲዮ ጨዋታ አሳየኝ። ጨዋታው በአንዲት መርከብ ላይ የሚሠሩ ሰዎችን የሚመለከት ሲሆን፥ ለእያንዳንዱ ሰው የድፍረትና የማስተዋል ነጥብ ይሰጠዋል። ድፍረቱ 9፥ ማስተዋሉ 2 የሆነው ሰው እሳት ሲነሣ ዘሎ ይገባና ይቃጠላል፤ ማስተዋሉ 9፥ ድፍረቱ 2 የሆነው ደግሞ አደጋውን ከሁሉ ቀድሞ ያያል፤ ነገር ግን ከተቀመጠበት አይነሣም። ልጁ በዚህኛው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ያ ሰው እኔ ነበርሁና።

በወጣትነቴ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ከአዲስ አበባ ደሴ እመላለስ ነበር። በዚህ መንገድ የሄደ ሁሉ ጣርማ በርን ያውቀዋል። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ ተራራውን በስቶ ከሠራው ዋሻ ሲወጡ፥ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና፥ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ይኸውም ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ 1,300 ሜትር ግድም ወደ ሆነው ሙቀት መውረድ ነው። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ብልህ ሾፌር መኪናውን በከባድ ማርሽ፥ በሞተሩ ጉልበት ይይዘዋል እንጂ በፍሬን ብቻ አይተማመንም። ያለ ዕረፍት የተረገጠ ፍሬን ይግላልና፤ የጋለ ፍሬንም አይዝም።

አንድ ማታ ሾፌሬ ስለ ቸኮለ በቀላል ማርሽ ወረደ። ደብረ ሲናን እንዳለፍን የፍሬን ሸራ ሲቃጠል ሸተተኝ። ሾፌሩ ጉንፋን ይዞት ነበርና አልሸተተውም። እኔም «ታላቄ ነው፤ ይቆጣኛል» ብዬ ዝም አልሁ። ጥቂት እንደ ሄድን ፍሬኑ እምቢ አለ። እርሱም መኪናውን ከተራራው ጋር አላትሞ ከገደል አዳነን፤ እግሩ ግን ተሰበረ።

ሐኪም ቤት ልጠይቀው ብሄድ፥ «ልጄ፥ ሽታው አልደረሰህም ነበርን?» አለኝ።

«ደርሶኝ ነበር፥ ጋሼ» አልሁት።

ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገረኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በጨዋታው መርከቢቱ ብትቃጠል እንደ ገና ይጀመራል፤ በጣርማ በር ቁልቁለት ግን እንደ ገና የሚባል ነገር የለም። ደፋር ማለት ሞትን የማይፈራ ብቻ አይምሰልህ፤ ያወቀውን ለታላቁ በትሕትና የሚናገርም ደፋር ነው። አስተዋይም ማለት ብዙ የሚያውቅ ብቻ አይደለም፤ ታናሹ ሲናገር የሚሰማም ነው። በጊዜው ያልተነገረ ዕውቀት ለባልንጀራ ካለማወቅ አይሻልም። ለባለቤቱማ ይብስበታል፤ ያላወቀ ሰው ሌሊት ይተኛልና።