ኤልሳ ምን ብላ ሄደች?

«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ»ን ብዙዎቻችን የምናውቀው በፊልም ነው። እኔም «ዶ ሬ ሚ»ን የለመድኩት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሲሆን፣ ዘፈኑ መጀመሪያ የመድረክ እንደነበር ያወቅሁት ግን እዚሁ ዲፓርትመንት ገብቼ ተውኔቱን እንድናነብ ሲታዘዝ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ከዚሁ ተውኔት የአንድ ሰዓት ያህል ክፍል መርጠን በቡድን እንድናቀርብ ተባልን። ለእኔ የደረሰችኝ ኤልሳ ሽሬደር ናት። አዎ፣ ካፒቴኑን ልታገባ የነበረችው፣ ማንም የማይወዳት ሀብታም ሴትዮ።

በመጀመሪያው ስብሰባችን ላይ የቡድኑ አብዛኛው አባል አንድ ሐሳብ አቀረበ። ፊልሙ ውስጥ የሌሉትን ዘፈኖች እናውጣቸው የሚል ነው። «ሰው የማያውቀውን ዘፈን ምን ያደርግለታል? ደግሞም ሰዓት የለንም» ተባለ። መምህራችን አልከለከሉም፣ አልፈቀዱምም። «የሚወጣው ዘፈን በተውኔቱ ውስጥ ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር ጽፋችሁ አምጡ፤ ከዚያ ቁረጡ» ብቻ አሉን። ይህ ጽሑፍ ያኔ ከጻፍኩት የተረፈ ነው ማለት ይቻላል።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ተውኔቱ ብሮድዌይ ላይ የተከፈተው በኖቬምበር 1959 ነው (የአገራችንን ዘመን ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዜማው የሪቻርድ ሮጀርስ፣ ግጥሙ የኦስካር ሀመርስታይን፣ ንግግሩ ደግሞ የሃዋርድ ሊንድሲና የራስል ክራውስ ነው። ማሪያን ሜሪ ማርቲን፣ ካፒቴን ፎን ትራፕን ቴዎዶር ቢኬል ተጫወቱ። 1,443 ጊዜ ታይቷል። ሀመርስታይን ተውኔቱ ከተከፈተ ዓመት ሳይሞላው በ1960 አረፈ፤ ስለዚህ በ1965 ሮበርት ዋይዝ ፊልሙን ሲያወጣ አዲስ ግጥም የሚጽፍ ባልደረባ ለሮጀርስ አልነበረውም። ለፊልሙ የተጨመሩትን ሁለት ዘፈኖች፣ «አይ ሀቭ ኮንፊደንስ»ንና «ሰምቲንግ ጉድ»ን፣ ዜማውንም ግጥሙንም ራሱ ሮጀርስ ሠራቸው።

ሁለት ሲጨመሩ ሦስት ወጡ። አንደኛው ማሪያና ካፒቴኑ የሚዘፍኑት የፍቅር ዘፈን «አን ኦርዲናሪ ካፕል» ነው፤ በ«ሰምቲንግ ጉድ» ተተካ። ሁለቱ ግን ያለ ምትክ ነው የወጡት፤ ሁለቱም የኤልሳና የማክስ ናቸው። በዚህም የተነሳ በፊልሙ ውስጥ ኤልሳም ማክስም አንድ ዘፈን እንኳ የላቸውም። በሙዚቃ ተውኔት ዓለም ዘፈን የሌለው ሰው ማለት እንግዲህ ግማሽ ሰው ነው። ተመልካች የአንድን ገጸ ባሕርይ ልብ የሚያየው ሲዘፍን ነው፤ ዝም ብሎ የሚያወራውን ሰው እንደ እንግዳ ነው የሚቆጥረው።

ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያው ገቢር «ሀው ካን ላቭ ሰርቫይቭ» ነው። ቀልደኛ ዘፈን ነው። ሐሳቡ፣ በፍቅር ታሪክ ውስጥ ፍቅረኞች ድሆች ሆነው መከራ ሲያዩ እንወዳቸዋለን፣ ሁለቱም ሚሊየነር ሲሆኑ ግን ምን የሚያጓጓ ነገር ይኖራል የሚል ነው። የፊልሙን ትልቅ ግብዣ አስታውሱ፤ እንግዶቹ የሚደንሱበት ዋልዝ የዚህ ዘፈን ዜማ ነው። ቃሉ ተባሮ ዜማው እቤት ቀረ! እውነቱን ለመናገር ይህን ዘፈን ለማውጣት ተቃውሞ የለኝም። ኤልሳ ብልህና ተጫዋች መሆኗን ያሳያል፤ ይህን ግን በንግግርም ማሳየት እችላለሁ።

ነገሩ የከረረው በሌላኛው ነው፤ የሁለተኛው ገቢር «ኖ ዌይ ቱ ስቶፕ ኢት»፣ በእኛ «ማቆሚያ የለውም» ልንለው እንችላለን። ጊዜው 1938 ነው፤ ጀርመን ኦስትሪያን ልትጠቀልል ደጃፍ ላይ ናት። ካፒቴኑ ለናዚዎች አልገዛም ባይ ነው። ኤልሳና ማክስ ደግሞ ይመክሩታል። ምክራቸው እኔ በራሴ አማርኛ ሳጠቃልለው ይህን ይመስላል፤ ዓለም በእብዶች እጅ ናት፣ አንተ ብቻህን ልታቆማት አትችልም፣ ስለዚህ የራስህን ኑሮ ኑር፣ የሚሉህን እሺ በል። ዜማው ቀልጠፍ ያለ፣ እግር የሚያስመታ ነው። ካፒቴኑም አብሯቸው ይዘፍናል። ዘፈኑ ሲያልቅ ግን ኤልሳና እሱ በዚህ ጉዳይ ፈጽሞ እንደማይስማሙ ግልጽ ይሆናል፤ መታጨታቸውም ይፈርሳል።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ ፊልሙን ያስታውስልኝ። እዚያ ሁለቱ የሚለያዩት ለምንድነው? በማሪያ ምክንያት ነው። ባሮነሷ (በፊልሙ ማዕረግ ጨምረውላታል) በረንዳ ላይ ቆማ፣ የካፒቴኑ ልብ ወደ ሌላዋ መሄዱን አውቃ፣ በክብር ትሰናበታለች። ትዕይንቱ ያምራል፤ ኤሊኖር ፓርከርም ጎበዝ ናት። ነገር ግን በመድረኩ ላይ የመለያያው ምክንያት ፖለቲካ የነበረው፣ ፊልሙ ላይ ቅናት ብቻ ሆነ። ፊልሙ 174 ደቂቃ ይፈጃል። ሰዓት አልነበረም እንዳይባል ሦስት ሰዓት ሊሆን ስድስት ደቂቃ ነው የቀረው።

ይህን ለቡድኑ ሳስረዳ አንድ ልጅ «እሺ፣ ግን ዘፈኑ ራሱ ምን ይላል? ለእኛ ምን ይነግረናል?» አለኝ። እኔም «ጎመን በጤና» አልኩት። ሳቁ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ብዬ ስጨምር ደግሞ ሳቁ ትንሽ ቀነሰ። «ከነገሩ ጦም እደሩ» ብትሉም ያስኬዳል። የሀመርስታይንን ግጥም መተርጎም አያስፈልገንም፤ በተረትና ምሳሌ መልክ ከጥንት ጀምሮ እቤታችን አለ።

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ልናገር፤ እሱም ፈቅዶልኛል። አባቴ በደርግ ዘመን በአንዲት ትንሽ ከተማ አስተማሪ ነበር። እሑድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ይጠራል፣ መፈክር ይባላል፣ ግራ እጅ ይነሳል። ድርሻዬን እየተለማመድኩ ሳለ የኤልሳን ታሪክ ነገርኩት፤ እንዲፈርድባት ጠብቄ ነበር። እሱ ግን «ታዲያ ምን አጠፋች?» አለኝ።

«እንዴ አባዬ! ለናዚ እሺ በል እያለችው?»

«ሰውየው ስንት ልጆች አሉት አልሽኝ?»

«ሰባት።»

«እኔ አራት ነበሩኝ» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና «እጄን አነሳለሁ፣ ደመወዜን እቀበላለሁ፣ እናንተን አበላለሁ። በሆዴ የማስበውን ማን ያየዋል? ከትምህርት ቤታችን እጁን ያላነሳ አንድ መምህር ነበር» ብሎ ጀመረና «ስለሱ ዛሬ አናውራ» ብሎ ተነሳ። ከዚያ ከበር ላይ ተመልሶ ካፒቴኑ መጨረሻ ላይ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። በተውኔቱ ከነልጆቹ በተራራ በኩል እንደሚያመልጥ፣ እውነተኞቹ ትራፖች ግን በባቡር ወደ ጣሊያን እንደሄዱ ነገርኩት። «ባቡር ነበራቸዋ» አለ።

ከዚያች ቀን በኋላ ኤልሳን እንደ ክፉ ሴት አድርጌ መጫወት አቃተኝ። ዘፈኑ ሲወጣ የሚጎዳው የእኔ ድርሻ ብቻ አይደለም። ፊልሙ ላይ ሰዎቹ በሁለት ጎራ ይከፈላሉ ማለት ይቻላል፤ እምቢ የሚለው ጀግና በአንድ በኩል፣ ናዚዎቹ በሌላ በኩል። መሀል ላይ ያለው ሕዝብ፣ ፈገግ ብሎ፣ ወይን ይዞ፣ «ምን ይደረግ፣ ያልፋል» የሚለው ሰው፣ በቀልድ ብቻ ይታያል። ማክስ በፊልሙም ቢሆን እንደዚያ ዓይነት ሰው ነው፤ ግን ክርክሩን ሙሉ ለሙሉ አድርጎ፣ በሚያስደስት ዜማ፣ ተመልካችን አሳምኖ እንዲዘፍነው አልተፈቀደለትም። ተመልካች በዚያ ዘፈን እግሩን ሊመታ ይገባል ባይ ነኝ። እግሩን እየመታ ሳለ ቃሉን ይስማ። አለበለዚያ የካፒቴኑ እምቢታ ምን ያህል ከባድ እንደነበር በምን ያውቃል? ሁሉም ሰው እምቢ የሚል ከሆነ እምቢ ማለት ምን ዋጋ አለው?

ስለ መቁረጥ ሕግም ትንሽ ልበል፤ ብዙዎቻችን አናውቀውም። እንዲህ ያለ ተውኔት በፈቃድ የሚያሳይ ቡድን የፈለገውን ዘፈን እየነቀለ መጣል አይችልም፤ የባለመብቱን ይሁንታ መጠየቅ አለበት። በአንጻሩ ሁለቱ የፊልም ዘፈኖች በአማራጭነት ሊገቡ ይችላሉ። የ1998ቱ የብሮድዌይ ዝግጅትም በ«አን ኦርዲናሪ ካፕል» ፈንታ «ሰምቲንግ ጉድ»ን ተጠቅሟል። በ2013 በአሜሪካ ኤንቢሲ ቴሌቪዥን በቀጥታ የተላለፈው ዝግጅት ደግሞ «ሰምቲንግ ጉድ»ን አስገብቶ፣ ሁለቱን የኤልሳና የማክስ ዘፈኖች መልሷቸዋል። ኤልሳን የተጫወተችው ሎራ ቤናንቲ ነበረች። ፊልሙን ብቻ ለሚያውቅ ሰው አዲስ ዘፈን የተጨመረ ሳይመስለው አልቀረም፤ እነሱ ግን ከፊልሙ የሚቀድሙ ናቸው።

ደራሲዎቹ ራሳቸው መቁረጥ የማይወዱ ሰዎች አልነበሩም፤ በሥራ ላይ እያሉ የማይሆነውን ሲጥሉ ኖረዋል። አንዳንዴ ግን አሻፈረን ይሉ ነበር። በ1949 «ሳውዝ ፓስፊክ»ን ሲያዘጋጁ ዘረኝነት ከሕፃንነት ጀምሮ ለልጅ የሚማር ነገር ነው የሚል አንዲት አጭር ዘፈን አስገቡ። እንዲያወጧት ተመከሩ፣ አላወጧትም። በ1953 ተውኔቱ አትላንታ ሲታይ የጆርጂያ ግዛት የሕግ አውጪ ምክር ቤት አባላት በዘፈኗ የተነሳ ተውኔቱን እስከ ማውገዝ ደረሱ። አጭር ናት፣ ውበቷም ከሌሎቹ የተውኔቱ ዘፈኖች አይበልጥም። ብትወጣ ሰዓት ይተርፍ ነበር። ግን የተውኔቱ ሁለት ጥንዶች ለምን እንደሚሰቃዩ የምትናገረው እሷ ናት።

ወደ ቡድናችን ልመለስ። ጽሑፌን አነበብኩ፣ ተከራከርን፣ ድምፅ ተሰጠ። «ሀው ካን ላቭ ሰርቫይቭ» ወጣ። «ኖ ዌይ ቱ ስቶፕ ኢት» በአንድ ድምፅ ብልጫ ቀረ። ለእሱ ቦታ ለመክፈት የፍየል እረኛውን ዘፈን ሠዋነው፤ ሕፃናቱን የሚጫወቱት ጓደኞቻችን እስካሁን ቅር እንዳላቸው ናቸው፤ ይቅርታ እላለሁ። የፍቅሩን ዘፈን በተመለከተ ማሪያን የምትጫወተው ልጅ «ሰምቲንግ ጉድ»ን መረጠች፤ ለድምጿ ይመቻታል። እኔም ደስ ብሎኝ ተስማማሁ። ሁለቱም ዘፈኖች የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ሁለት ሰዎች ተዋደድን ይባባላሉ፣ ታሪኩ በሁለቱም በኩል እኩል ይሄዳል።

አሁን ልምምድ ላይ ነን። ማክስን የሚጫወተው ልጅ ቃሉን ይዞታል፣ ዜማው ላይ ግን ይፈጥናል። ያልተስማማንበት ነገር ቢኖር ካፒቴኑ ከእኛ ጋር በሚዘፍንበት ቦታ ላይ ነው። አዘጋጃችን ፊቱን አኮሳትሮ፣ በምፀት ብቻ ይዝፈን ይላል። እኔ ደግሞ ቢያንስ አንዴ፣ ለአንድ ስንኝ ያህል፣ ከልቡ ፈገግ ይበል ባይ ነኝ።