ሞልና የቡናው ከሰል

እኛ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪዎች ነን። «የቤተሰብን ችግር የሚያጠኑ ልጆች ከኬሚስትሪ ጋር ምን አገናኛቸው?» ብትሉ አይፈረድባችሁም። ያገናኙን ታናናሾቻችን ናቸው። በሳምንት ሁለት ማታ በሰፈሩ መተናስ ተሰብስበን የቤት ሥራ እናግዛቸዋለን። ሒሳቡም እንግሊዝኛውም እንደምንም ይገፋል። ሞል የሚባለው ምዕራፍ ሲደርስ ግን ደብተሩ ይዘጋና «ኪሚያ ለእኛ አይሆንም» ይባላል። ይህን ቃል ስንሰማ እንደነግጣለን። ነርስ ወይም ፋርማሲስት ልሁን የሚል ልጅ ይህን በር በአሥረኛ ክፍል ከዘጋው፣ ኋላ ለመክፈት በመኺና ጊዜም ገንዘብም ይፈጅበታል። ከመካከላችን በዚያ መንገድ ያለፍን አለን።

ስለዚህ ከደርዘን እንጀምራለን። ደርዘን ማለት 12 ነው። ሞልም እንደዚያው የቁጥር ስም ነው፤ ብቻ ቁጥሩ እጅግ ትልቅ ነው፦ 602 ተጽፎ 21 ዜሮ ይከተለዋል። አንድ ደርዘን እንቁላልና አንድ ደርዘን ሎሚ ቁጥራቸው እኩል ነው፤ ክብደታቸው ግን ይለያያል። አንድ ሞል ካርቦን 12 ግራም፣ አንድ ሞል የኦክስጅን ሞለኪውል ደግሞ 32 ግራም ይመዝናል። አቶምን አንድ በአንድ መቁጠር ስለማይቻል መዝነን እንቆጥረዋለን።

ምሳሌውን ከቡናው ምድጃ አመጣነው። 60 ግራም ከሰል አለን፤ ንጹሕ ካርቦን ነው እንበል። ሙሉ በሙሉ ቢነድ ስንት ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል? መጀመሪያ ግራሙን ወደ ሞል እንለውጣለን፤ 60 ለ12 ሲካፈል 5 ሞል ነው። ቀጥሎ እኩልታውን እናያለን፤ አንድ ካርቦን ከአንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ጋር አንድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ ስለዚህ 5 ሞል ይወጣል። በመጨረሻ ሞሉን ወደ ግራም እንመልሳለን፤ 5 በ44 ሲባዛ 220 ግራም።

«60 አስገብተን 220 ከየት መጣ?» ይሉናል። የቀረው 160 ግራም ከክፍሉ አየር የተወሰደ ኦክስጅን ነው።

አንድ ነገር ደጋግመን እንነግራቸዋለን፦ ከቁጥሩ ጎን መለኪያውን ጻፉ። ግራሙን በ«ግራም ለአንድ ሞል» ስታካፍሉት ግራም ከግራም ይሰረዝና ሞል ይቀራል። ብታባዙት ግን ግራም በግራም ተባዝቶ ትርጉም የሌለው ነገር ይወጣል፤ መንገዱ እንደተገለበጠ መለኪያው ራሱ ይናገራል። ይህ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። ወላጆቻችን የትውልድ ዓመታቸውን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደዚህ አገር ወረቀት ሲያዛውሩ 7 ወይም 8 ይደምራሉ። በመደመር ፈንታ የቀነሰ ሰው ዕድሜው 15 ዓመት ያህል ይጨምራል።

አንድ ማታ አንዲት እናት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ከበሩ ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩ። «ልጆቼ፣ አየሩ ባይበቃውስ?» አሉን። መምህራን ከሞል ቀጥለው የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፤ ቀድሞ የሚያልቀው ነገር የቀረውን ይወስነዋል። ያ 5 ሞል ካርቦን 2.5 ሞል ኦክስጅን ብቻ ቢያገኝና ሁሉም ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢለወጥ 140 ግራም ይሆናል። በእውነተኛው ምድጃ ሁለቱ ጋዞች ተቀላቅለው ይወጣሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ይገድላል። ይህን ስንነግራቸው እናቲቱ ራሳቸውን ነቀነቁና «አገር ቤት ጎጆው ራሱ ይተነፍስ ነበር። እዚህ ብርዱ ሲመጣ ሁሉን ጥርቅም አድርገን ነው የምንዘጋው» አሉ።

ሁልጊዜ ለእናቷ ከዕብራይስጥ የምታስተረጉመው ልጅ የዚያን ዕለት የእናቷን ጥያቄ በደብተሯ ጻፈችው። ከዚያ 2.5ን በ32 አባዝታ 80 ግራም ኦክስጅን አገኘች፤ 60 ጨመረችበትና «140! ልክ መጣ!» አለች።

ታናሽ ያላችሁ፣ ደብተሩ ሳይዘጋ አንድ ማታ አብራችሁ ተቀመጡ። ወላጆችንም ጥሩ፤ ዕብራይስጡ ባይመጣላቸው ጥያቄው ይመጣላቸዋል። ለእናቶቻችን ደግሞ ይህን አድርሱልን፦ ቤት ውስጥ ከሰል አይነድ፤ መስኮት መክፈት ብቻውን አያስተማምንም። የደከመ ፍምም ቢሆን ለሊት ቤት ውስጥ አይደር። ቡናው በከሰል ካልሆነ አይጣፍጥም ከተባለ፣ ምድጃው ከቤት ውጭ፣ ገላጣ ቦታ ላይ ይቀመጥ።