ሁለት ጎበዞች ሲጋቡ

መጥረጊያ ገልብጠን እጀታውን መዳፋችን ላይ ስናቆም ሥራችን ሁለት ነው፦ ወዴት እንዳዘመመ ማየትና እጃችንን በጊዜው ማንቀሳቀስ። ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ሁለቱ መንትዮች መሆናቸውን በሒሳብ አሳየ። የአንዱን ማትሪክሶች ረድፋቸውን አምድ፣ አምዳቸውን ረድፍ ብናደርግ የሌላው መፍትሔ ይወጣል። እኛ የቁጥጥር ምህንድስና የተማርን ሰዎች ይህን ስንሰማ ፈነደቅን፤ አንዱን ያጠና ሁለቱን አወቀ ማለት ነዋ!

ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። ሁሉን ማየት የሚችል የካልማን ተቆጣጣሪ ኃይሉ በ40 በመቶ ቢቀንስ እንኳ መጥረጊያውን አይጥልም። የሚያየው መንትያውም በበኩሉ እንዲሁ ጠንካራ ነው። ሁለቱን ብናጋባቸውስ? ጆን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1978 ስለዚሁ ዋስትና አንድ ጽሑፍ አሳተመ። የጽሑፉ ማጠቃለያ በእንግሊዝኛ ሦስት ቃል ብቻ ነበር። ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ አንድ ቃል ይበቃዋል፦ የለም።

እንግዲህ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይበል?

መልሱ የተሟላው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ዶይልና ሦስት ባልደረቦቹ መንትዮቹን እኩልታዎች ሳይጥሉ ሦስተኛ ቅድመ ሁኔታ ጨመሩባቸው፦ የሁለቱ መፍትሔዎች ብዜት ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ። ማለትም እያንዳንዱን ለብቻው መመርመር አይበቃም፤ አብረው መኖር መቻላቸውም ይጠየቃል።

ሽማግሌዎቻችን ከጋብቻ በፊት የሚያደርጉት ይህንኑ አይደል? እኛም ዛሬ አንድ ተቆጣጣሪ ሲቀርብልን የምንጠይቀው "ጎበዝ ነው ወይ?" ብለን አይደለም፤ "ከማን ጋር?" ብለን ነው።