ቢጫው ሶኬት

ጋራዥ ከገባሁ ገና ሦስተኛ ወሬ ነበር። አንዲት እናት ክላክሱ አልጮህ ያላቸውን ቪትዝ ይዘው መጡ። አለቃዬ ቁልፉን ሲከፍቱ የኤርባጉ መብራት 6 ሰከንድ ያህል በርቶ ጠፋ። እኔ ኤርባጉ ደህና ነው ብዬ ደመደምኩ። ጋሼ ግን መሪውን እያዩ ቆዩ።

"የክላክሱና የኤርባጉ ሽቦዎች መሪው ውስጥ ባለው ስፓይራል አንድ ላይ ነው የሚያልፉት" አሉኝ። "አንዱ ተበጥሶ ሌላው እንዴት ተረፈ? እንየው።"

የባትሪውን ኔጋቲቭ በ10 ቁልፍ ፈታሁና ወደ መሪው ስንደረደር እጄን ያዙኝ። ባትሪው ከተነቀለም በኋላ የኤርባጉ ኮንትሮል የሚያፈነዳውን ኃይል ለጥቂት ጊዜ ይዞ ይቆያል፤ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅ ግድ ነው። ሰዓታቸውን እያየን ጠበቅን። ቴስተር ሳነሳ ደግሞ ተቆጡ፦ "ኤርባግ በቴስተር አይለካም! የቴስተሯ ባትሪ ራሷ ልታስነሳው ትችላለች።"

ኤርባጉን ፈትተው ቢጫውን ሶኬት ነቀሉና በእጅ ባትሪ ውስጡን አሳዩኝ። ከጥፍር የማትበልጥ ስስ ብረት አለች። ሶኬቱ ሲነቀል ሁለቱን ፒኖች ታገናኛለች፤ ያኔ ከልብሳችን የሚወጣ ስታቲክ እንኳ ኤርባጉን አይለኩሰውም። ሲሰካ ትለቃለች። እስከ ዛሬ የኤርባግ ሶኬት ስነቅል መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው።

የመሪውን የሥር ሽፋን ስናወርድ ጉዱ ወጣ። ወደ ላይ የሚሄደው ቢጫ ሶኬት ተቆርጦ፣ በቦታው 2 ኦም ገደማ የሆነች ሬዚስተር በናስትሮ ተጠቅልላለች። ኮንትሮሉ ኤርባጉ ያለ ይመስለዋል፤ መብራቱንም ያጠፋል። ግጭት ቢመጣ ግን ከመሪው የሚወጣ ነገር የለም። ልጆች የሚያመላልስ መኪና ላይ እንዲህ ያለ ሥራ መሠራቱ አሁንም አንጀቴን ያቃጥለዋል።

ሴትየዋ ሲነገራቸው የመኪናውን በር ተደግፈው ቀሩ። መብራቱ አልጠፋ ብሎ ሌላ ቦታ ከፍለው አሠርተውት ነበር።

ጋሼ የኤርባግ ሽቦ አይቀጠልም ብለው ከነሶኬቱ ሙሉውን ቀየሩት። የተበጠሰው ስፓይራል ምትክ ከሶማሌ ተራ መጣ። ጎማዎቹን አቅንተው፣ ስፓይራሉን እስከ ጥጉ አዙረው 2 ዙር ተኩል መለሱት፤ መሃሉን ካልያዘ መሪው ሲዞር ይበጠሳል።

ባትሪውን አሰርኩ፤ ቁልፉን ከፈትኩ። መብራቱ በርቶ ጠፋ፤ ክላክሱም ጮኸ።

"መብራቱማ ያኔም ጠፍቶልኝ ነበር" አሉ ሴትየዋ። "ሶኬቱን አሳዩኝ።"

ጋሼ ሽፋኑን ገና አልገጠሙትም ነበር።